ማን ቆጠረው?

ጥያቄው፦ «ባለፈው እሑድ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ሄጄ ነበር። ድንቅነሽ (ሉሲ) ፊት ቆመን 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሆናት ስነግራት ‹ማን ቆጠረው?› አለችኝ። ሳይንቲስቶች ናቸው አልኳት። ‹አንተስ በምን አወቅህ?› አለች። ካርቦን በሚባል ነገር ይለካል ብዬ አለፍኩት፤ እውነቱን ለመናገር ግን እኔም የማውቀው ስለተነገረኝ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ዓለም ከተፈጠረ ገና 7,500 ዓመት ነው ይላል፤ እርሱም የሚያምነው የተነገረውን ነው። ታዲያ እኔ ዐውቃለሁ ስል ከእርሱ በምን እለያለሁ? ለልጄስ ምን ልበላት?»

ምላሽ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣

አራት ኪሎ በሚገኘው የሳይንስ ግቢ ስለ ድንጋይ ዕድሜ ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ፤ ሙዚየሙም ከማስተምርበት ክፍል በእግር የሚደረስ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ይህንን ቁጥር በሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተማሪዎቼ ወደ ደብተራቸው ገልብጠው ያልፉ ነበር እንጂ «ማን ቆጠረው?» ብሎ የጠየቀኝ በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ልጅዎ ያነሣችው ጥያቄ የልጅ ጥያቄ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ እኔም የምመልሰው ለትልቅ ሰው እንደምመልሰው ነው።

አስቀድመን ካርቦኑን ከመንገድ እናንሣው። ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 50,000 ዓመት ገደማ ካለፈው በኋላ የሚተርፈው መጠን እጅግ ከማነሱ የተነሣ መለካት ያዳግታል። በድንቅነሽ ዕድሜ ልክ ቢሰላ 555 ጊዜ ያህል በግማሽ መቀነስ ነበረበት፣ ይህም ማለት አንዲት አቶም አትተርፍም ማለት ነው። ይህ ስህተት በጋዜጣም በመምህራን አንደበትም ስለሚደጋገም እርስዎን አልወቅስም፤ ይሁን እንጂ ልብ ይበሉልኝ፦ ትክክለኛውን ቁጥር በተሳሳተ ምክንያት ይዘውት ነበር። ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ፤ ጥያቄዎ ውስጥ ያለው ቁልፍ ነገር እርሱ ይመስለኛልና።

ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር በተባለው ስፍራ በዶናልድ ጆሃንሰንና በቶም ግሬይ ተገኘች። ዕድሜዋን የነገረን ግን አጥንቷ አይደለም። አጥንቷ ከጊዜ ብዛት ወደ ድንጋይነት ተለውጧል፤ የተለካው ከበታቿ የነበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ሐዳር በጥንት ዘመን ወንዝና ሐይቅ ሲፈራረቁበት የኖረ ቦታ በመሆኑ ደለል በደለል ላይ እየተነጠፈ ብዙ ሜትር ውፍረት ያለው ክምር ፈጥሯል፤ በየመካከሉም በአካባቢው የነበሩ እሳተ ገሞራዎች በፈነዱ ቁጥር አመዳቸው እንደ ስስ ምንጣፍ እየወረደ በላዩ ላይ አርፏል።

በዚያ አመድ ውስጥ ፊልድስፓር የሚባል፣ ከጨው ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ክሪስታል ይገኛል። ክሪስታሉ ፖታሲየም አለበት፤ ከ10,000 የፖታሲየም አቶሞች መካከል አንዱ ገደማ ደግሞ ፖታሲየም 40 የሚባለው ዓይነት ነው፤ እርሱም ሳይቸኩል እየፈረሰ የሚበዛው ወደ ካልሲየም፣ ጥቂቱ ወደ አርገን ይለወጣል። አርገን ከምንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ ነው። ዐለቱ ቀልጦ በሚንተከተክበት ጊዜ በውስጡ ያለው አርገን ከፈላ ውሃ ላይ እንደሚነሣ እንፋሎት አምልጦ ይሄዳል፤ ክሪስታሉ ከጠነከረና ከበረደ በኋላ የሚፈጠረው አርገን ግን መውጫ የለውም፤ ተዘግቶበት ይቀመጣል። በሌላ አነጋገር ፍንዳታው ሰዓቱን ከዜሮ ያስጀምረዋል።

ፖታሲየም 40 በግማሽ ለመቀነስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ በድንቅነሽ ዘመንና በእኛ ዘመን መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ ከ10,000 የፖታሲየም 40 አቶሞች የፈረሱት 18 ያህል ናቸው፤ ከእነዚያ 18 መካከል አርገን የሆኑት ደግሞ ሁለት ያህል ብቻ ናቸው። ቤተ ሙከራው የሚፈልገው እነዚያን ሁለቱን ነው። ባለሙያው ክሪስታሏን በሌዘር ያቀልጣታል፤ ከውስጧ የሚያመልጠውን ጋዝ ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባል መሣሪያ አቶሞቹን እንደ ክብደታቸው እየለየ ይቆጥረዋል። «ማን ቆጠረው?» ለሚለው የልጅዎ ጥያቄ ቃል በቃል የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ዓመቶቹን ማንም አልቆጠራቸውም፣ የተቆጠሩት አቶሞቹ ናቸው።

የሥነ ምድር ተመራማሪው ሮበርት ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጥናት ካዳ ሐዳር የተባለው የአመድ ንብርብር 3.18 ሚሊዮን ዓመት እንደሆነው፣ የስህተት ወሰኑም ወደላይና ወደታች 10,000 ዓመት ያህል እንደሆነ አስታወቀ። ድንቅነሽ የተገኘችው ከዚህ አመድ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ 3.2 ሚሊዮን የምንለው ለአፍ እንዲመች ነው እንጂ በጥንቃቄ ሲነገር «ከ3.18 ሚሊዮን ዓመት በጥቂቱ ያነሰ» ነው የሚባለው።

«ይህም ቢሆን አንድ ሰው አንድ መሣሪያ ላይ ያነበበው ቁጥር አይደለምን?» ይሉኝ ይሆናል። ቢሆን ኖሮ እኔም ብዙ አልመካበትም ነበር። ነገር ግን ሐዳር ላይ የተለካው አመድ አንድ ብቻ አይደለም። ከታች ሲዲ ሐኮማ የተባለው አመድ 3.40 ሚሊዮን፣ ከእርሱ በላይ በደነን ዶራ ንብርብር ውስጥ ያለው 3.22 ሚሊዮን፣ ከዚያ ካዳ ሐዳር 3.18 ሚሊዮን፣ ከእነዚህ በላይ ያለው ሌላ አመድ ደግሞ 2.95 ሚሊዮን ገደማ ሆነው ተገኝተዋል። መሶብ ውስጥ ከታች ያለው እንጀራ ቀድሞ የተጋገረው እንደሆነ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ደለልም እንዲሁ ነው። መሣሪያው የዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ቁጥሮቹ ከመሬቱ ቅደም ተከተል ጋር ሊሰለፉ አይችሉም ነበር። ክሪስታሏ ከየትኛው ንብርብር እንደመጣች አታውቅም፤ መሣሪያውም አያውቅም።

ሰዓቱ ራሱ ትክክል ስለመሆኑ ደግሞ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ፈተና አለ። የጣሊያኑ ቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ79 ፈንድቶ ፖምፔይ የተባለችውን ከተማ ቀበረ፤ ታናሹ ፕሊኒ የሚባለው ሮማዊ ፍንዳታውን በዐይኑ አይቶ በደብዳቤ ጽፎታል። በአሜሪካዋ በርክሌይ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ፖል ሬኔና ባልደረቦቹ የዚያን ፍንዳታ ክሪስታሎች ወስደው ድንቅነሽን በለካው በዚሁ ዘዴ ለኩና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1997 አሳተሙ። የወጣው ቁጥር 1,925 ዓመት ሲሆን የስህተት ወሰኑ 94 ዓመት ነበር፤ በጽሑፍ የምናውቀው እውነተኛ ዕድሜ በዚያን ጊዜ 1,918 ዓመት ነበር። ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ወጣት አመድ ለዚህ ዘዴ እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ የሚጠራቀመው አርገን ከምንም የሚቆጠር አይደለም። ሰዓቱን ሆን ብለው በጣም በሚቸገርበት ቦታ፣ መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅበት ጉዳይ ፈተኑት፤ አለፈ።

ከዚህ ሌላ የመሬት መግነጢሳዊ መስክ በየዘመኑ አቅጣጫውን ይገለብጣል፤ ደለልም ሲነጠፍ በዘመኑ የነበረውን አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። እነዚህ መገለባበጦች መቼ እንደተከሰቱ ምድር በፀሐይ ዙሪያ በምታደርገው ጉዞ ላይ ከሚታዩት ዑደቶች ተነሥቶ ማስላት ይቻላል፤ በዚህ ስሌት ውስጥ ፖታሲየምም አርገንም የሉበትም። የሐዳር ንብርብሮች በሁለቱም መንገድ ተመርምረው ውጤቱ ተስማምቷል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለአንድ ነገር ነው፤ እርሱንም ከድንጋይ ይልቅ በወርቅ ባስረዳ ይሻላል። ፒያሳ እንዲህ ከመለወጧ በፊት እናቴ አምባሯን ልትሸጥ ስትወጣ ተከትያት ሄጄ ነበር። የመጀመሪያው ወርቅ ቤት ባለቤት አምባሩን ጥቁር ድንጋይ ላይ ፈተገው፤ በተፈተገው ጭረት ላይ አሲድ ጠብ አደረገና ቀለሙን አይቶ ካራቱን ነገራት፣ ከዚያ መዝኖ ዋጋ ጠራ። እናቴ አመስግና ወጣችና መንገዱን ተሻግረን ሁለተኛው ቤት ገባን። ሁለተኛው ሰውዬ አምባሩን ገና ሳይነካ «እነዚያ ስንት አሉሽ?» ብሎ ጠየቃት። እናቴ «እስቲ አንተ በለኝ» አለችው። የተማረች ሴት አልነበረችም፤ ነገር ግን ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ሰምቶ ቢመልስላት ሁለት ምስክር ሳይሆን አንድ ምስክር ብቻ እንደሚኖራት ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። እኔ ይህንን በቤተ ሙከራ ለመማር ዓመታት ፈጅቶብኛል።

አንድ ወሬ ከአሥር ሰው አፍ ስንሰማ አሥር ማስረጃ ያገኘን ይመስለናል፤ አሥሩም የሰሙት ከአንድ ሰው ከሆነ ግን በእጃችን ያለው አንድ ነው። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚለው ተረት የሚነቅፈው መስማትን ይመስላል፤ እኔ እንደሚገባኝ ግን ጥፋቱ ዶሮዋ ከሌላ አቅጣጫ አለማጣራቷ ላይ ነው። ሐዳር ላይ አርገኑ፣ የንብርብሩ ቅደም ተከተልና መግነጢሱ የተለያዩ ወርቅ ቤቶች ናቸው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ዋጋ ሳይጠይቅ መዝኗል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው እንደሚሳሳት አልደብቅዎትም። በተማሪነቴ ውጭ አገር በነበረ አንድ ቤተ ሙከራ ከአንድ አመድ ያወጣኋቸውን ስምንት ክሪስታሎች ለካሁ። ሰባቱ 2 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ሲሰበሰቡ ስምንተኛዋ ከ20 ሚሊዮን በላይ አወጣች። እኔም ስምንተኛዋን ከሠንጠረዡ ሰርዤ ውጤቱን ይዤ ሄድኩ። አስተማሪዬ ስምንተኛዋ የት እንደሄደች ጠየቁኝ። «ስህተት ናት» አልኳቸው። «ስህተት መሆኗን በምን አወቅህ?» አሉኝ። ያለኝ ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፦ አልተመቸችኝም። ተመልሼ በማጉያ ስመለከታት ጠርዟ ተንከባሎ ክብ ሆኗል፤ ከጥንታዊ ዐለት ተፈልቅቃ በወንዝ ስትንከባለል መጥታ ከአዲሱ አመድ ጋር የተቀላቀለች ነበረች። ስለዚህ መሰረዟ ትክክል ነበር፤ እኔ ግን የሰረዝኳት ይህንን ከማወቄ በፊት ነው። ስለ ካርቦን ያነሣሁትን ነጥብ አሁን ያስታውሱልኝ፤ የእኔም ሆነ የእርስዎ መልስ ትክክል ሆኖ የወጣው እንደ ዕድል ነበር። እንዲህ ያለው መልስ «ዐወቅሁ» አያሰኝም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያው መንገድ ወደ ገደል ሊወስደን ይችላልና።

ይኸው የባዕድ ክሪስታል ነገር ታላላቆቹንም አሳስቷል። በኬንያ ቱርካና ሐይቅ ምሥራቅ ኬ.ቢ.ኤስ. የሚባለው አመድ መጀመሪያ ሲለካ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ተባለ፤ ከሥሩ የተገኘው ዝነኛ የራስ ቅልም ከዚያ የበለጠ ዕድሜ ተሰጠው። ቁጥሩን የተጠራጠሩት መጀመሪያ ላይ የአርገን ሰዎች አልነበሩም፤ የአሳማ ሰዎች ነበሩ። ባዚል ኩክ የተባሉት ሊቅ በዚያ አመድ አካባቢ የተገኙት የአሳማ ጥርሶች በእኛው በኦሞ ሸለቆ 2 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ በሆነው ንብርብር ውስጥ ከሚገኙት ጋር አንድ መሆናቸውን አመለከቱ፤ አሳማ ደግሞ ድንበር ሲሻገር ዕድሜውን ሊለውጥ አይችልም። ክርክሩ አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ፣ ሰዎችም ተቀያየሙበት። በመጨረሻ አመዱ እንደገና በጥንቃቄ ሲለካ 1.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ የመጀመሪያው ናሙና አሮጌ ክሪስታል ተቀላቅሎበት ነበር።

በቅርቡም ተመሳሳይ ነገር በአገራችን ሆኗል። ኦሞ ኪቢሽ ላይ የተገኘው የዘመናዊ ሰው ቅሪተ አካል ለረጅም ጊዜ 195,000 ዓመት ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ከቅሪተ አካሉ በላይ ያለው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ የመጣ መሆኑን በኬሚካላዊ ቅንብሩ ለየና የዚያን ፍንዳታ ዕድሜ 233,000 ዓመት አገኘው፤ የስህተት ወሰኑም 22,000 ዓመት ነው። ቅሪተ አካሉ ከአመዱ በታች ስለሆነ ዕድሜው ከዚያ አያንስም ማለት ነው። አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለውን ለውጥ ሲሰማ «አየህ፣ እነርሱም አያውቁም» ይላል። እኔ ግን ወደ 40,000 ዓመት የሚጠጋ ልዩነት ያለበትን ስህተት ፈልገው ያገኙት የዚያው ሙያ ሰዎች መሆናቸውን አስባለሁ።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ እንመለስ፤ የእርሱም ቁጥር ከሜዳ የተለቀመ ባለመሆኑ ተገቢውን ክብር ይሻል። በባሕረ ሐሳብ 5,500 ላይ ለምሳሌ 2018 ዓመተ ምሕረትን ብንደምር 7,518 ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ሁለት ስለሚተርፍ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። እንጦጦ ያሉ መሪጌታና ጎንደር ያሉ መሪጌታ ሳይነጋገሩ ቢያሰሉ የፋሲካን ቀን አንድ ያደርጉታል፤ ይህ ቀላል ጥበብ አይደለም። ሆኖም የሚስማሙት ሁለቱም ከአንድ መነሻ ስለሚነሡ ነው። 5,500 የሚለው መነሻ ከመጻሕፍት የተቀበሉት ነው፤ ስሌቱ ከእርሱ ይነሣል እንጂ እርሱን አይፈትነውም፤ ሊፈትነውም አልተዘጋጀም፤ ሥራው በዓላትንና አጽዋማትን ማውጣት ነው። ቁጥሩ በዚያ ሥራው ላይ ሳለ እኔም በእርሱ ፋሲካን አከብራለሁ። ጥያቄው አፋር ያለው አመድ ከወደቀ ስንት ዓመት ሆነው የሚል ከሆነ ግን የድንጋዩን ቁጥር ነው የምይዘው፤ ይህንን በለዘበ ቃል አለባብሶ ማለፍ እርስዎንም ጎረቤትዎንም መናቅ ይሆንብኛል።

ታዲያ እርስዎ ከእርሱ በምን ይለያሉ? ጥያቄውን በጻፉበት ቀን፣ በአእምሮዎ ውስጥ ባለው ነገር ብቻ ከተመዘነ፣ ብዙም አይለያዩም ነበር። ሁለታችሁም የምታምኑትን ሰው አምናችሁ ነበር። ይህን ስል ለማሳፈር አይደለም። የተወለዱበትን ቀን እንኳ ያወቁት ከእናትዎ ነው እንጂ እርስዎ አያስታውሱትም። እኔም ብሆን ከቬሱቪየስ ክሪስታል አንዱንም አልለካሁም፤ የኬንያን አሳማ ጥርስ በእጄ አልያዝኩም። ከማውቀው ውስጥ በገዛ ዐይኔ ያየሁት ከመቶ አንድ ቢሆን ነው፤ ሌላውን ሁሉ የተቀበልኩት ከሰው ነው። «ያላየሁትን አላምንም» የሚል ሰው የሚናገረውን አያደርገውም፤ ቢያደርገው ኖሮ ከፋርማሲ የገዛውን ክኒን አይውጥም ነበር።

ልዩነቱ ያለው ከእርስዎ ራስ ውጭ ነው። እርስዎ ጫፉን የያዙት ገመድ ወደ አንድ ሥራ ያደርሳል፤ በዚያ ሥራ ውስጥ ቁጥሩን ለማፍረስ የሞከሩ፣ ቢፈርስ ስም የሚያገኙበት፣ ለማፍረስም መሣሪያና ፈቃድ ያላቸው ሰዎች አሉ። ገመዱን ቢጎትቱት ምን እንደሚመጣ ይታወቃል፦ የንብርብሩ ስም፣ የክሪስታሎቹ ቁጥር፣ የስህተት ወሰኑ፣ የለካው ሰው። ወሬ ሲጎተት ግን «እንዲህ ሲባል ሰማሁ» የሚል ሌላ ሰው ብቻ ነው የሚመጣው። እርስዎ ትናንት ገመዱን አልጎተቱትም ነበር፤ ልጅዎ ጎተተችው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን አንድ ነገር አለ፤ ብዙ አስተዋይ ሰዎችም የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ስለ ድንቅነሽ የሚነገረው ሁሉ እኩል ክብደት የለውም። ዕድሜዋ ከላይ እንዳየነው በብዙ ገመድ የታሰረ ነው። ሴት መሆኗስ? ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም ያልዘለለ መሆኑና የዳሌ አጥንቷ ሲታይ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ሴት ናት ይላሉ፤ እኔም እንደዚያው ነው የማስበው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ሁለት ተመራማሪዎች የዳሌዋን ቅርጽ መሠረት አድርገው «ወንድ ሊሆን ይችላል» ብለው ተከራክረዋል፤ ክርክሩ ብዙ ተከታይ አላገኘም፣ ሆኖም ድንቅነሽ በሚለው ስም ውስጥ ያለው «ሽ» የ3.18ን ያህል ጽኑ አይደለም። አሟሟቷ ደግሞ ከሁሉም የላላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አጥንቶቿ ላይ ያሉትን ስንጥቆች በሲቲ ስካን የመረመሩ ሰዎች ከዛፍ ወድቃ ሞተች አሉ፤ ያገኟት ጆሃንሰን ራሳቸው ግን አልተቀበሉትም፤ ተቃዋሚዎቹ እንዲህ ያለ ስንጥቅ በዚያው አካባቢ በተገኙ የሌሎች እንስሳት ቅሪተ አካላትም ላይ እንደሚታይ ጠቁመዋል። ከዛፍ ወደቀች የሚለው ታሪክ ስለሚስብ በፍጥነት ተሠራጨ፤ ተቃውሞው ግን ስለማይስብ የሰማው ጥቂት ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ የአከርካሪዋ ነገር ነው። ድንቅነሽ ከተገኘች ከ40 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ አጽሟን እንደገና ሲገጣጥሙ የነበሩ ተመራማሪዎች አንዲት ትንሽ የአከርካሪ ስባሪ ከሌሎቹ ጋር ስትነጻጸር እጅግ ማነሷ ከነከናቸው። ከሌሎች እንስሳት አጥንት ጋር ሲያስተያዩዋት የጭላዳ ዘመድ የሆነ ጥንታዊ ዝንጀሮ አጥንት ሆና ተገኘች። በዓለም ላይ ድንቅነሽን ያህል የተጠና አጽም ጥቂት ነው፤ ስንቱ ሊቅ በእጁ ይዞ አይቶታል፣ ቅጂው ስንት ሙዚየም ውስጥ ቆሟል፤ ያቺ ስባሪ ግን አርባ ዓመት ሙሉ በመካከላቸው ተቀምጣ ነበር። ሁሉም አይተዋታል፤ የጠየቃት ግን አልነበረም። የቀሩት አጥንቶች በዚያው ምርመራ ተፈትሸው የእርሷው መሆናቸው ጸንቷል፤ ዕድሜዋንም አልነካውም፣ ዕድሜዋ ከአመዱ የመጣ ነውና።

በነገራችን ላይ እርስዎና ልጅዎ የቆማችሁበት መስታወት ውስጥ ያለው ቅጂ ነው፤ እውነተኛው አጽም በሙዚየሙ ውስጥ በጥንቃቄ ተቆልፎ ይቀመጣል። ይህንንም ለልጅዎ አይደብቋት። «ድንቅነሽን አየሁ» ብላ ክፍል ውስጥ ብትናገር አንዱ ተማሪ ቢያርማት ታፍራለች፤ «የድንቅነሽን ቅጂ አየሁ» ብትል ግን ያየችውን ብቻ ተናገረች ማለት ነው።

«ለልጄስ ምን ልበላት?» ላሉት፣ መጀመሪያ ካርቦን ያልኩሽ ስህተት ነበር ይበሏት፤ አባት ሲሳሳት አይታ እንደማትጎዳ ከራሴ ልጆች ዐውቃለሁ። ቀጥሎ ዓመቱን ማንም እንዳልቆጠረው፣ የተቆጠረው በአመድ ውስጥ ያለ የጨው ቅንጣት የምታህል ነገር የያዘችው ጋዝ እንደሆነ ይንገሯት። የወርቅ ቤቱን ነገር ከተረዳች ግማሹን ተረድታዋለች።

የቀረውን በቃል ማስረዳት ስለሚያስቸግር ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወደ ግቢ ይዘዋት ቢመጡ ደስ ይለኛል። ከሐዳር ባይሆንም ከስምጥ ሸለቆ የመጣ አመድ በትንሽ ብልቃጥ አለኝ፤ ማጉያው ሥር ሲያስቀምጡት ፊልድስፓሩ ከሌላው አቧራ ተለይቶ ያብለጨልጫል፣ በመርፌ ጫፍም አንድ በአንድ መለየት ይቻላል። አርገኑ ግን አይታይም። ልጅዎን እንደጠረጠርኳት ከሆነች «ውስጧ መኖሩን በምን አወቅህ?» ማለቷ አይቀርም፤ ለእርሱ መልስ እስከ ቅዳሜ ድረስ እዘጋጃለሁ።